በየዙሩ የሚሰጥመው አባቴ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬም አባቴን አሰጠምኩት። እንደ ልማዴ፣ በየዙሩ። የመጨረሻው ዙር ላይ ድምፄ ስለዘጋ አሳጠርኩለት… ቶሎ ሰጠመ።

ተሳፋሪው ጥሩ ነበር። ጡረተኞች ናቸው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ኮፍያ አድርገዋል። ጡረተኛ ደስ ይለኛል፤ ቁጭ ብሎ ይሰማል። የሰዓቱን ማማ አሳየኋቸው። የድሮውን የዱቄት ፋብሪካ አሳየኋቸው። «መቼ ተሠራ?» አለ አንዱ። ዓመት ጠራሁለት። ትክክል ይሁን አይሁን እኔ እንጃ። ጎብኚ ዓመት ከነገሩት አይከራከርም፣ ራሱን ነቅንቆ ፎቶ ያነሳል።

ከዚያ ሦስተኛው ድልድይ፣ ከዚያ ኩርባው። ኩርባው ላይ ካፒቴኑ ሞተሩን ዝቅ ያደርግልኛል። እኔም ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋለሁ። «አሁን ሁላችሁም ወደ ቀኝ» እላለሁ። «ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያለችውን አረንጓዴ መስኮት አያችኋት? እዚያ የተቀመጡት እናት ባላቸው ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ፣ እዚሁ ኩርባ ላይ ውሃ ወሰደው። አስከሬኑ እንኳን አልተገኘም። ይኸው እስከ ዛሬ መስኮታቸው ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል።» ከዚያ ዝም። ዋናው ዝምታው ነው። ሰው ሁሉ እጁን ያውለበልባል። እሷም ታውለበልባለች።

እሷ እናቴ ናት።

አባቴ ደግሞ አልሰጠመም። በግራ በኩል ነው ያለው። ማዶ፣ ታቹ መድኃኒት ቤት የሆነው ቢጫ ሕንፃ ላይ። ልጅ ሆኜ አንድ ጠዋት ሻንጣውን አንጠልጥሎ ድልድዩን ተሻገረና ከመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ጋር ኑሮ መሠረተ። የማዶዋ እንላታለን። ሌላ ስም አልሰጠናትም። ባሕር ማዶ ቢሄድ እንኳን አንድ ነገር ነው። እሱ ግን ከእኛ መስኮት እስከሚታይ ድረስ ብቻ ነው የሄደው። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ በፒጃማ አየዋለሁ። ሰውን ሁሉ ወደ ቀኝ የማዞረው ለምን ሆነና።

ታሪኩን የጀመርኩበትን ቀን አልረሳውም። በረንዳው ላይ ብርቱካን እየላጠ፣ ልጣጩን ወደ ወንዙ ይወረውር ነበር። ተረጋግቶ፣ እግሩን ሰቅሎ። ልክ ያኔ አንዷ ተሳፋሪ «መስኮቱ ላይ ያሉት ሴትዮ ማን ናቸው?» አለችኝ። አፌ ራሱ መለሰላት። ባላቸው ሰጥሞ… ሴትዮዋ አለቀሰች። ሥራ አስኪያጁ ወሬው ደረሰው፣ ወደደው። አሁን የጉብኝቱ ካርታ ላይ ታትሟል፦ «የናፋቂዋ መስኮት»። ከሰዓቱ ማማ ቀጥሎ፣ ከሙዚየሙ በፊት።

እናቴ መሆኗን ከካፒቴኑ በቀር መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሚያውቅ የለም።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ዝናብ። ጀልባው ባዶ፣ ወንበሩ ሁሉ እርጥብ። ሁለት ፍቅረኛሞች ብቻ፣ እነሱም የሚያዩት እርስ በርስ ነው። ቢሆንም አሰጠምኩት።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ከሥራ በኋላ እማዬ ጋ። ልብስ እያጠፈች አገኘኋት።

«ዛሬ አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ» አለች፣ «ከወንበሩ ተነስቶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም አለኝ። ምን ብለሽ ነግረሻቸው ነው እንዲህ የሚያከብሩኝ?»

«እናቴ ናት እላቸዋለኋ።»

«እሱማ እኔም ብያለሁ። የታችኛዋ ጎረቤት ‹ይህ ሁሉ ሰው የሚያውቅሽ ከየት ነው?› ብትለኝ፣ ‹ልጄ ናት የምታስጎበኛቸው፣ እናቴን እዩልኝ ትላቸዋለች› አልኳት። ቅናት ፊቷን አጠቆረው።»

ሻዬን ጠጣሁ።

አዲስ ሻሽ ገዝታለች፣ ሰማያዊ። «ከሩቅ ይታያል አይደል?» ይታያል አልኳት። ከመጀመሪያው ዙር በፊት ፀጉሯን አበጥራ እንደምትቀመጥ አውቃለሁ። እናቴ ናት ብል ምን ነበረበት? ግን እናት ማንንም አያስለቅስም… እናት ሁሉም ሰው አለው።

በሩ ላይ ደርሼ ስወጣ፣ «ያ ሰውዬ በረንዳው ላይ ከጠፋ ሰነበተ» አለች። «አሞት ይሆን?»

«የቱ ሰውዬ?»

«የቱ ትያለሽ ደግሞ» አለችኝና ወደ ልብሷ ተመለሰች።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 14



ከሰዓት በኋላ ነው። ተሳፋሪው ወርዶ አለቀ፣ አንድ ወጣት ብቻ ከኋላ ወንበር አልነሳ አለ። መውረጃው በዚህ ነው ብዬ አሳየሁት። ኮፍያውን አወለቀ። ጆሮው… ያ ወደ ውጭ የተዘረጋ ጆሮ። በመስታወት ስንት ጊዜ የረገምኩት የአባቴ ጆሮ ነው።

«እህቴ፣ አንዴ ላናግርሽ?»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«አባባ ታሟል። ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤት መልሰውታል። ስምሽን ይጠራል። የእናትሽንም። ‹ሁለቱንም አንድ ጊዜ ልያቸው› ነው የሚለው፣ ሌላ ነገር አይልም።»

«ተሳስተሃል» አልኩት። «የእኔ አባት ሰጥሞ ነው የሞተው።»

«ሰማሁ» አለ። «ቁጭ ብዬ አዳመጥኩሽ። ጥሩ ትናገሪያለሽ።»

ሽሙጥ ቢሆን ደስ ባለኝ። አልነበረም። ከልቡ ነው ያለው፣ እሱ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

«አንቺ ካልፈለግሽ እሺ። ለእናትሽ ግን ንገሪያቸው። እኔ ሁለቴ ቤታቸው በር ድረስ ሄጄ ማንኳኳት አቅቶኝ ተመለስኩ። ምን ብዬ ልጀምር?»

እነግራታለሁ አልኩት። ከፊቴ እንዲሄድልኝ።


ዓርብ፣ ጥቅምት 15

አልነገርኳትም።

ለምንድነው የምነግራት? ሻንጣውን ሲያዘጋጅ ማንን አማክሮ ነበር? እሷ ያን ሰሞን ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ስትውል፣ ምሳ የሠራሁት እኔ ነኝ። ድስቱ ላይ የማልደርስ ልጅ፣ በርጩማ ላይ ቆሜ።

«ሁለቱንም አንድ ጊዜ ልያቸው።» እስከ ዛሬ ማን ከለከለው? መስኮቷ ፊት ለፊቱ ነው። እኔ ደግሞ በነጭ ጀልባ፣ በቀይ ጃኬት፣ በድምፅ ማጉያ ነው የማልፈው። አላየሁሽም ሊለኝ ነው?


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ካፒቴኑ ዛሬ በሠራተኛ መውጫ በኩል አስወጣኝ። ያ ልጅ ጣቢያው ላይ ቆሞ ሲጠብቅ አይቶት ነው።

«ተባረክ» አልኩት።

«አልባረክም» አለ። ዘይት የነካ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነው፣ ቀና ብሎ አላየኝም። ሬዲዮ እያለ ነው የሚጠራኝ፣ አብረን መሥራት ከጀመርን ጀምሮ። «ስሚኝ ሬዲዮ። ይህን ሁሉ ዘመን በእኔ ጀልባ ላይ አንድ ሰውዬ ይሰጥማል። እኔ ካፒቴን ተብዬ አንድም ቀን የመንሳፈፊያ ጎማ አልወረወርኩለትም።»

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

«ሂጂና እዪው» አለ። «ከዚያ በኋላ ከፈለግሽ መልሰሽ አሰጥሚው። ማን ይከለክልሻል?»

ነገ አልኩት። ነገ ደግሞ የተማሪዎች ጉዞ አለ… ከነገ ወዲያ።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ዛሬ ከሥራ በኋላ ድልድዩ መሐል ድረስ ሄጃለሁ። እውነቴን ነው። ብርቱካን ገዝቼ ነበር፣ ለምን ብርቱካን እንደገዛሁ እንጃ። መሐል ላይ ቆምኩ። ቢጫው ሕንፃ ላይ መብራት በርቷል። ምን እለዋለሁ ገብቼ? እንዴት ዋልክ? እሱስ ምን ይለኛል? አደግሽ?

ተመለስኩ። ብርቱካኑን በልቼ ጨረስኩት።


ሰኞ፣ ጥቅምት 25

የጠዋቱ ዙር ላይ ነው ያወቅኩት። ከጀልባዋ ላይ ሆኜ። ኩርባው ጋ ደረስን፣ ሞተሩ ዝቅ አለ፣ ማይኩን አስጠጋሁ፣ «አሁን ሁላችሁም ወደ ቀኝ» አልኩ። ሁሉም ዞሩ። እኔ ብቻ አልዞርኩም።

መድኃኒት ቤቱ ዝግ ነው። ደጁ ላይ ወንበር ተደርድሯል። ጥቁር የለበሰ ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ያ ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ።

ማይኩ አፌ ላይ ነው። ተሳፋሪው ይጠብቃል። አረንጓዴ መስኮት ማለት እንኳን አቃተኝ። «እዚህ ጋ… ውሃው ጥልቅ ነው» አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣም። ካፒቴኑ ገባውና ሞተሩን ከፍ አደረገው።

የሞተ ዕለት ማሰጠም አቃተኝ።

እማዬ መስኮቱ ላይ ነበረች። ቆማ። እጇን አላነሳችም። ከጀልባው በላይ አሻግራ ማዶ ታያለች።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ቀብሩ ዛሬ ነበር። አልሄድንም። እኔ ሥራ ገባሁ፣ እሷ ጥቁር ልብሷን ስታጥብ ዋለች።

«ነገ ለቅሶ እደርሳለሁ» አለችኝ ማታ።

«ምን ልትሠሪ?»

«ለቅሶ ምን ይሠራል? አለቅሳለሁ።» እንዲህ ናት እማዬ። «ድልድዩ ለጉልበቴ ሩቅ ነው። ጀልባሽ ማዶ ትቆም የለ? በእሷ ውሰጂኝ።»

ታክሲ እይዝልሻለሁ አልኳት። ውሃ ያዞርሻል አልኳት። ጀልባው ነገ ሙሉ ነው ብዬም ዋሸሁ።

«ስትናገሪ አንድ ቀን እንኳን ሳልሰማሽ ልሙት እንዴ?» አለች። «እጅ ብቻ ሳውለበልብ ኖርኩ።»

ነገ መስኮቱ ጋ ስንደርስ ስለ ወፎች አወራለሁ። ወፍ ሁልጊዜ አለ። ስለ ወፍ ማን ይቀየማል።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

ካፒቴኑ እጇን ይዞ አስገባት። ከፊት ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። የመንሳፈፊያ ጃኬት ካላለበሳችሁኝ አልሄድም አለች። ማንም አይለብሰውም፣ እሷ ግን በጥቁር ልብሷ ላይ ብርቱካናማውን ጃኬት ታጥቃ፣ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ቲኬት ቆራጯ ልጅ ሳቋን መያዝ አቅቷት ፊቷን አዞረች። ማን መሆኗን አታውቅም። ልጅቷ ሥራ ከጀመረች ገና ነው።

ማማውን ስናልፍ እማዬን አየኋት። የምለውን ቃል ሁሉ ከንፈሯ ይከተላል። የሆነ ቦታ ላይ ተሳፋሪውን አሳቅኩ፣ እሷ ዞር ብላ የሳቀውን ሰው ሁሉ ቆጥራ ተመለሰች። እንደዚያ ኮርታ አይቻት አላውቅም። በለቅሶ መንገድ ላይ፣ በብርቱካናማ ጃኬት።

ኩርባው። «ወደ ላይ ብታዩ» አልኩ፣ «ድልድዩ ሥር ወፎች…»

«ይቅርታ» አለ አንድ ሰውዬ። ካርታውን ዘርግቷል። «የናፋቂዋ መስኮት የቱ ጋ ነው? እኛ የመጣነው ለእሱ ነው።»

«ዛሬ… ጥገና ላይ ነው።»

መስኮት ጥገና ላይ ነው። ስንት ዘመን በአፌ ኖሬ፣ ያኔ ያገኘሁት መልስ ይኸው። ሳልኩ። ሳሌ አላቆም አለ። ቲኬት ቆራጯ ሮጣ መጣች፣ «ድምፅሽ ዘግቷል፣ እኔ ልናገርልሽ፣ በቃሌ ይዤዋለሁ» ብላ ማይኩን ከእጄ ወሰደችው። በቅንነት ነው። ልጅቷ ልቧ ንጹህ ነው።

በቃሏ ይዛዋለች። ሁሉንም። ዓሣ ማጥመዱን፣ አስከሬኑ አለመገኘቱን። ከራሷም ጨመረችበት፣ «በየማታው ለባላቸው ሳህን ያቀርቡለታል» አለች። ከእኔ ይልቅ አሳምራ ነው የተናገረችው። ዝምታውንም አልረሳችም።

እኔ የማየው የእማዬን ማጅራት ነው። አልተነቃነቀም።

አጠገቧ የተቀመጠችው ሴትዮ ዓይኗን ጠራረገች። «አያሳዝኑም፣ እማማ?»

«አረንጓዴ መስኮት ያለው ነው?» አለች እማዬ።

«አዎ።»

«ሁለተኛው ፎቅ?»

«እሱ ነው። ዛሬ ግን የሉም። ምናልባት ሞተው ይሆናል።»

«አልሞተችም» አለች እማዬ። ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበችና፣ «ሰውዬው ግን ዋና ይችል ነበር» አለች።

ሴትዮዋ ምኑም አልገባትም።

ማዶ ስንቆም ልደግፋት ሄድኩ። «አንቺ ሥራሽን ጨርሺ» አለችኝ። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም፣ ምንም የለበትም። ብቻዋን ወረደች። ጃኬቱን ሳታወልቅ ወደ ለቅሶው መንገድ ጀመረች። ካፒቴኑ ጀልባውን ትቶ ሮጦ ደረሰባትና፣ መንገድ መሐል ላይ ፈታላት።

ሥራዬን ጨረስኩ።


እሑድ፣ ኅዳር 1

ዛሬ በሩን ከፈተችልኝ። እስከ ዛሬ አልከፈተችም ነበር።

«ልጁ መጥቶ ነግሮሽ ኖሯል» አለች፣ ገና ሳልቀመጥ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ፣ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ‹መጡ?› ይል ነበር አሉ።»

«እሱ ትንሽ ቢጠብቅ ምን ይሆናል፣ እማዬ? እኛስ…»

«እኛ አትበይኝ።» እጇን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ባል የእኔ ነበር። የከዳው እኔን ነው። ልሂድ አልሂድ ብዬ የምወስነው እኔ ነኝ። ምናልባት አልሄድም ነበር። ምናልባት ሄጄ እሰድበው ነበር። ስንት ነገር ነበረኝ ለእሱ የምለው፣ ታውቂያለሽ? አሁን ለማን ልበለው?»

ይቅርታ ለማለት አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። ከይቅርታው በፊት ‹ታሪኩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ› ማለት ነበረብኝ፣ እሱም አልወጣም።

«መስኮቱ ላይ የምቀመጠው አንቺን ለማየት ነው» አለች። «ጀልባዋ ስትታጠፍ ቀዩ ጃኬትሽ ይታየኛል። እሱን ካየሁ ቀኑ ይገፋልኛል። እናቴ ናት የምትይ መስሎኝ… ፀጉሬን እያበጠርኩ…»

እዚያ ላይ ተወችው። ተነስታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች። የታጠበ ዕቃ ነው ደግማ የምታጥበው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።


ዓርብ፣ ኅዳር 6

መስኮቱ ዝግ ነው። መጋረጃውም።


ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። ቢሮው ውስጥ በመስታወት ሣጥን ያለች ትንሽ ጀልባ አለች፣ ሲያወራ እሷን ነው የሚያያት።

«ሰው እያማረረ ነው» አለ። «ካርታ ላይ ያለ ነገር መኖር አለበት። ሴትዮዋ ምን ሆና ነው?»

«ሐዘን ላይ ናቸው።»

«ሐዘን ላይ ከሆነች እኮ ይበልጥ ያምራል።» ቀልድ አይደለም፣ እያሰበ ነው የተናገረው። «ሄደሽ አነጋግሪልኝ። በእጇ ትንሽ ነገር እናድርግላት።»

«እናቴ ናት» አልኩት።

ቃሏ ወጣች በቃ። ስንት ሺህ ጊዜ በማይክ ልለው የሚገባኝን፣ ለዚህ ሰውዬ አልኩት።

ፊቱ በራ። «ታዲያ ምን ቸገረን?» አለ። «ቤተሰብ ነዋ። ቀላል ነው።»


ዓርብ፣ ኅዳር 20

እማዬ ማዶ መመላለስ አብዝታለች። ከማዶዋ ጋር። መጀመሪያ ለቅሶ ለማስተዛዘን ነበር፣ ከዚያ የደም ግፊቷን ልታስለካ፣ ከዚያ እንዲሁ። በሌላ ጀልባ ነው የምትሄደው። በትንሿ መሻገሪያ፣ አስጎብኚ በሌላት።

«ምን ታወራላችሁ?» አልኳት።

«እሱን እናማለን» አለች። «ጫማውን የትም እየጣለ… እሷ ጋም እንደዚያ ነበር አሉ።» ሳቋ መጣ። ፊቴን አየችና ዋጠችው።

እኔ ለእሷ ብዬ ነው የጠላሁት። አሁን ከማን ጋር ልጥላው?


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

ሻንጣዋን ተሸክሜ አሻገርኳት። የማዶዋ ሊፍት አላት፣ ባዶ ክፍል አላት፣ ልጇ ትዳር ይዞ ወጥቷል፣ ብቻዋን ናት። «ደረጃ ገደለኝ» አለች እማዬ። ደረጃ። እሺ፣ ደረጃ ይሁን።

የማዶዋ ጣቢያው ላይ ጃንጥላ ይዛ ትጠብቃለች። አጠር ያለች ሴት ናት፣ መነጽር ያላት። ይህን ሁሉ ዘመን ረጅም ትመስለኝ ነበር። «ግቢና ሻይ ጠጪ» አለችኝ። ሥራ አለኝ አልኩ። ዛሬ ዕረፍቴ መሆኑን ሦስታችንም እናውቃለን።

እማዬ የቤቷን ቁልፍ ሰጠችኝ። «የኪራይ ቤትሽን ልቀቂና ግቢበት» አለች። ሳመችኝ ደግሞ። እንደ እንግዳ፣ ጉንጭ ለጉንጭ።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

ዛሬ እውነቱን ተናገርኩ። ጀልባው ሙሉ ነው። ኩርባው ላይ ሞተሩ ዝቅ ሲል፣ «በቀኝ ያለው የእናቴ ቤት ነው» አልኩ። «አባቴ ትቷት በግራ ወዳለው ቢጫ ሕንፃ ገባ። በድልድዩ ነው የሄደው፣ ማንም አልሰጠመም። አሁን እሱ ሞቷል፣ እሷም እዚያው ናት።»

ሰው ግራ ተጋባ። አንዱ ሳቀ። አንዲት እናት የልጇን ጆሮ በእጇ ሸፈነች። «ለዚህ ነው የከፈልነው?» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ማንም እጁን አላነሳም። ለማንስ ያንሳ?

ካፒቴኑ በመስታወት አየኝ። «ጎበዝ» አላለኝም። ሞተሩን ከፍ አደረገ።


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 10

ማይኩ ለቲኬት ቆራጯ ተሰጠ። እኔ ቲኬት መቁረጫው ውስጥ። መስታወቱ ላይ ያለችው ቀዳዳ ክብ ናት፣ ሰው እጁን ብቻ ነው የሚያስገባው። ቀዩን ጃኬት ልጅቷ ለበሰችው። ሰፋት።


ረቡዕ፣ ጥር 7

ሥራ አስኪያጁ መቁረጫው ድረስ መጣ። ይህን ያህል ደረጃ ወርዶ አያውቅም።

«ቤቱ ውስጥ አሁን ያለሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

«ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ሣጥን ውስጥ ትታፈኛለሽ? ሻሽ አስረሽ መስኮቱ ላይ መቀመጥ አይሻልሽም? ደመወዝሽ አይነካም። እጅሽን ብቻ ነው የምታነሺው።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። አውቃለሁ። ግን መስታወቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሰው በእጁ ብቻ ሲያናግረኝ… እሺ አልኩት።


ዓርብ፣ ጥር 9

ልጅቷ ከሥራ በኋላ ቤቴ መጣች። ቀዩ ጃኬት ላይዋ ላይ ነው፣ እጅጌውን አሳጥራዋለች። አፍራ በር ላይ ቆመች። ግቢ አልኳት፣ አልተቀመጠችም።

«የእኔ እህት፣ አንድ ነገር ላስፈቅድሽ ነው» አለች። «‹ባሏን ትጠብቃለች› ብል ሰው አንቺን አይቶ አያምነኝም። ታሪኩ የድሮ ነው፣ አንቺ ደግሞ ገና ነሽ። ‹አባቷን› ብል ቅር ይልሻል? ልጅ ሆና አባቷ ሰጥሞ፣ ይኸው እስከ ዛሬ መስኮቱ ላይ ትጠብቀዋለች… እንዲህ ብል?»

ወንበሩን ያዝኩ።

«በይ» አልኳት።

«አልከፋሽም?»

«አይ። እሱ ይሻላል። ሰው ያምነዋል።»


ቅዳሜ፣ ጥር 10

ዛሬ ጀመርኩ። ፀጉሬን አበጠርኩ፣ ሻሹን አሰርኩ፣ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያው ዙር መጣ። ኩርባው ላይ ሞተሩ ዝቅ አለ። ቃሉ እዚህ ድረስ አይሰማም፣ ዝምታዋን ግን አወቅኳት። ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ ዞረ።

ከጀርባቸው፣ ማዶ፣ በረንዳው ላይ እማዬና የማዶዋ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። አንድ ነገር ያሳስቃቸዋል። እማዬ ፊቷ ወደዚህ ነው… ካየችኝ ብዬ ከወንበሬ ተነሳሁ። እጄን ከፍ አድርጌ አውለበለብኩላት።

ጀልባው ሙሉ ሰው መለሰልኝ።